«ክብደት ይቀንሱ» ብሎ መሸኘት ለእኔም አልሠራም

እህቴ፣ የጠየቅሽው በየወሩ ለክትትል ስለሚመጡት የስኳር ሕመምተኛ እናት ነው፤ 84 ኪሎ ናቸው፣ ምክሩን «እሺ» ብለው ይሰማሉ፣ ሚዛኑ ግን አልነቃነቅ አለ። እኔም በክትትል ክፍል ለዓመታት «ስብና ጣፋጭ ይተዉ» እያልኩ ሸኝቻለሁ። ማን ሰማኝ? ትእዛዝ እንጂ ምክር አልነበረማ።

አሁን የምጀምረው «ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ ምን ቀመሱ?» ብዬ ነው። ከዚያ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። አንዲት እናት ስኳር ከተዉ ዓመት እንዳለፋቸው ምለው ነገሩኝ። ቡናውስ? ከአቦል እስከ በረካ፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር! ማር መድኃኒት ነው ብለው እኮ ነው። ጠዋትና ማታ ሲፈላ በቀን 12 ማንኪያ መሆኑን አብረን ስንቆጥር ራሳቸው ሳቁ። ያን ወር ከማሩ ሌላ ነገር አላነሣሁባቸውም።

እንጀራ ተዉ አልልም። ከትሪ አብሮ የሚበላ ሰው ግን የበላውን መጠን አያውቀውምና የራሳቸውን ሰሃን ይያዙ፤ ግማሹን ጎመን ወይም ሰላጣ ይሙላው። ዘይቱ በማንኪያ ተለክቶ ድስት ይግባ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ወጥ የምትሠራው ልጃቸው ከሆነች እርሷንም አስጠሪያት።

ግቡንም አሳንሺው። ከ84 ኪሎ 5 በመቶው አራት ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህ እንኳ ለስኳሩም ለደም ግፊቱም ይጠቅማል።

ያልጠበቅኩት ችግር የመጣው ከጎረቤት ነው። እኒያ ባለማር እናት ሦስት ኪሎ ቀንሰው ደስ ብሎን ተለያየን። በቀጣዩ ወር መልሰውት መጡ። ለካ ሰፈሩ «ምን አግኝቶሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?» እያለ አስጨንቋቸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ምን ብለው እንደሚመልሱ አስቀድመን እንነጋገራለን።

ሳይሞክሩ ከቀነሱ ግን እንዳታመሰግኛቸው፤ ስኳሩ ከቁጥጥር ወጥቶ ወይም ሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ሊሆን ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ምግብ ከመቀነሳቸውም፣ ጾም ከመግባቱም በፊት ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪ። ጠዋት ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

ሚዛን ላይ ሲወጡ ጫማና ጋቢ ይውለቅ። እኔ አንድ ጊዜ በጋቢ ምክንያት ሰው ተቆጥቻለሁ።