ከለገጣፎ እስከ ሰበታ የተከማቸ የወረቀት ሥራ ዕቃ፦ ከውጭ ሆኖ በቴሌግራም ጨረታ ለመሸጥ

በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በሰበታ ቤት ሠርታችሁ አንዱን ክፍል ከውጭ በመጣ የወረቀት ሥራ ዕቃ የሞላችሁ ጥቂት አይደላችሁም። አንዳንዱ የሠርግ ካርድ ሥራ ይጀመርበታል ተብሎ በኮንቴነር የገባ ነው፤ ሌላው ጡረታ ሲወጣ አገር ቤት ተቀምጦ ሊሠራበት የታሰበ። ክፍሉን ማከራየት ሲፈለግ ዕቃው ሸክም ይሆናል። ያን ጊዜ ለዘመድ ቁልፍ ሰጥቶ «በተገኘው ሽጠው» ማለት፣ መርካቶ በኪሎ እንዲመዘን መፍቀድ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ለጨረታ ቢወጣ፣ ማለትም ሰው ከፎቶው ሥር ዋጋ እየጻፈ ቢጫረትበት፣ የተሻለ ያመጣል፤ ሁሉም ዕቃ ግን ለጨረታ አይሆንም።

ጨረታ የሚያዋጣው ገዢው የቁርጥ ዋጋውን በማያውቀው ዕቃ ላይ ነው። ነጭ 200 ግራም ወረቀት (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትሩ ክብደት ነው) ስንት እንደሚሸጥ ካርድ ሠሪ ሁሉ ያውቃል። ጨረታ ብታወጡበት ሁለት ቀን ትጠብቁና ከሱቅ ዋጋ በታች ይቆማል። እንዲህ ያለውን ከመርካቶ ዋጋ ከ20 እስከ 30 በመቶ ዝቅ አድርጋችሁ በቁርጥ ሽጡ። ለጨረታ የሚሆኑት ዳይ የሚባሉት የብረት ቅርጽ ማውጫዎች፣ ቀለም ነክተው ሥዕል ወይም ጽሑፍ የሚያትሙ የማኅተም ስብስቦች፣ የእጅና የኤሌክትሪክ መቁረጫ ማሽኖች፣ እዚህ ሱቅ የማይገኝ ብርማ ወይም ዕንቁ መልክ ወፍራም ወረቀት ናቸው። እነዚህን ሁለት ሰው ከፈለጋቸው ዋጋው ራሱ ይወጣል።

ከሁሉ በፊት አገር ቤት ሆኖ የሚሸጥላችሁን ሰው ወስኑ። እህት ትሁን የአክስት ልጅ፣ የድካሟን ዋጋ መጀመሪያውኑ ተነጋገሩ። ከሽያጩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ተገቢ ነው፤ የታክሲና የማሸጊያ ወጪ ደግሞ ለብቻው ይታሰብ። በዝምድና በነፃ የሚሠራ ሥራ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይቆማል፤ እናንተም ለመቆጣት አፍ አይኖራችሁም። የሚያስፈልጋት የኩሽና ዲጂታል ሚዛን፣ የሴንቲሜትር ማስመሪያ፣ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ፣ ቴሌብር እና አንድ ደብተር ነው።

ዕቃው ሲፈተሽ ከታችኛው ካርቶን ይጀመር። በከተማው ዳር ያሉ አዳዲስ ቤቶች ወለላቸው ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ በክረምት ከሥር እርጥበት ይስባል። ስለዚህ የላይኛው ካርቶን ደህና ሆኖ የታችኛው ሻግቶ ይገኛል። የምስጥ አፈር መስመር ግድግዳው ላይ ከታየ ካርቶኑን ሁሉ ከግድግዳው 20 ሴንቲሜትር አርቃችሁ እንጨት ላይ አስነሱት፤ ይህ ከፎቶውም ከዋጋውም ይቀድማል። በእርጥበት እንደ ሞገድ የተጣመመ ወረቀት ግን ሁልጊዜ የተበላሸ አይደለም። ፓኮው ተከፍቶ በደረቅ ክፍል ሁለት ቀን አየር ካገኘ በኋላ በሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳ መሀል ከላዩ ክብደት ተጭኖበት ሳምንት ከቆየ አብዛኛው ይስተካከላል። የሻጋታ ነጥብ ያለበት ወይም ሻጋታ የሚሸት ግን አይስተካከልም፤ ከደህናው ጋር አንድ ፓኮ ውስጥ ከገባም ደህናውን ያበላሻል።

ፖስታዎች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የሚላሰው ሙጫቸው ክረምቱን ካሳለፈ ሳይላስ ራሱ ይጣበቃል። ከየፓኮው መጀመሪያ፣ መሀልና መጨረሻ አምስት አምስት ተከፍቶ ይታይ። ሁለት ፊት ያለው ስኮች ልጣጩን ሳይለቅ ከቀረ ወይም ሙጫው ከልጣጩ ጋር ከሄደ አበቃለት። የማኅተሙ የቀለም ንጣፍም ነጭ ወረቀት ላይ ተመትቶ ይታይ፤ ደብዛዛ ከሆነ «መሙያ ቀለም ይፈልጋል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ዳይ ግን ዝገት ካልነካው ዓመታት ቢቆይ ምንም አይሆንም። ግልጽ የፕላስቲክ ማኅተም ቢጫ ቢልም ይሠራል፤ ታጥቦ እንደገና የሚጣበቅ ከሆነ በሙሉ ልብ ይሸጣል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ትልቁ ጥፋት የሚመጣው ከአሜሪካ ከመጣው ነው። አዳፕተሩ ላይ 100–240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ የእኛ 220 አይጎዳውም። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በቀጥታ የሰካው ሰው ያቃጥለዋል። ብልጭልጭ ዱቄት የሚቀልጥባቸው የሙቀት መንፊያዎች በብዛት እንዲህ ናቸው። ከዕቃው ዋት የበለጠ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል ብላችሁ ጻፉ፤ ጽሑፉንም ፎቶ አንስታችሁ አያይዙ። መቁረጫ ማሽኑ በእናንተ ስም የተመዘገበ ከሆነ ምዝገባውን ሳታነሱ አትሽጡት። ወረቀቱን የሚያጣብቀው የማሽኑ ምንጣፍ ከደረቀ ማሽኑ ቢሠራም ወረቀቱ እየተንሸራተተበት ያበላሻል፤ ገዢውም የተበላሸ ማሽን የሸጣችሁለት ይመስለዋል።

ቆጠራውን ሚዛን ይሥራው። 16 ኤ4 ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ክብደት ግራሙ ለ16 ሲካፈል ነው፤ 200 ግራም የተባለው ኤ4 አንዱ 12.5 ግራም ይመዝናል፣ በኪሎ 80 ይሆናል ማለት ነው። በአሜሪካ ፓውንድ የተጻፈባችሁን ወደ ግራም ለውጡ፣ እዚህ ፓውንድ የሚለው የለም። የካርድ ወረቀት 65 ፓውንድ 176 ግራም፣ 80 ፓውንድ 216 ግራም፣ 100 ፓውንድ 270 ግራም ነው። ባለ 12 ኢንች ካሬ ወረቀት 30.5 ሴንቲሜትር ስለሆነ በተለመደው ኤ4 ፕሪንተር አይገባም፤ ሌተር የሚባለው የአሜሪካ ወረቀት ደግሞ ከኤ4 በ6 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ በ18 ሚሊሜትር ያጥራል። ልኩ በሴንቲሜትር ካልተጻፈ ዕቃው ተመላሽ ይሆናል።

በአንድ የጨረታ ቁጥር አብሮ የሚወጣው ዕቃ ለአንድ ዓይነት ገዢ ይዘጋጅ። የሠርግ ካርድ ሠሪ የሚፈልገው አንድ ቀለም በብዛት ነው፤ 200 ክሬም ወረቀት ከ200 ልኩ ፖስታ ጋር ሲታሰር ይጫረትበታል። ከ12 ቀለም 20 20 የያዘ ፓኮ ለእሱ ምኑም አይደለም፤ ለኬጂ መምህራንና ለልደት ዲኮር ሠሪዎች ግን ጥሩ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ «ብዙ ወረቀት» ብሎ ማውጣት ሁለቱንም ገዢ ያሸሻል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያላቸው ማኅተሞች ውስጥ የልደትና የምስጋናው ይሄዳል፤ የሃሎዊንና የአሜሪካኖቹ የቱርክ ዶሮ በዓል ግን ዱባውን ይዞ ይቀመጣል። እነዚህን ለብቻ ለጨረታ አታውጡ፤ በተሸጠ ዳይ ላይ ምርቃት አድርጓቸው።

ወቅቱን ከመርካቶ በላይ ጾሙ ይወስነዋል። በገና ጾም እና በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለማይደገስ፣ ካርድ የሚታተመው ለጥር ሠርግ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከፋሲካ በኋላ ላለው ደግሞ በጾሙ መጨረሻ ነው። የሠርጉን ወረቀት ያን ጊዜ አውጡ። ባለቀለም ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን ይፈለጋል፤ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ልጆችም ለእንቁጣጣሽ የሚያዞሩትን አበባ ይሥላሉ። በሐምሌ አጋማሽ ወረቀት ለጨረታ ማውጣት በዝናብም በዋጋም ኪሳራ ነው።

ፎቶ ጠዋት በመስኮት ብርሃን ይነሳ፣ በአምፖል ክሬሙ ቢጫ ይመስላል። ዕንቁ መልኩን ለማሳየት ወረቀቱ ዘንበል ይበል፤ ማስመሪያው ሁልጊዜ ከጎኑ ይኑር። ጉድለት ካለ ለብቻው በቅርብ ይነሳ።

ደንቡ አጭር ሆኖ ከእያንዳንዱ ጨረታ ሥር ይለጠፍ። መነሻው አዲስ ቢገዛ ከሚያወጣው ሲሶ ገደማ፣ ጭማሪው የመነሻው 5 በመቶ ይሁን፤ በ1,000 ብር ለተነሳ 50 ብር ማለት ነው። ዓርብ ማታ ተከፍቶ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋ። ይህ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ጻፉ፤ ዋሽንግተን ላለ ሰው በበጋቸው ከቀኑ 1 ፒኤም፣ በክረምታቸው 12 ፒኤም ነው፣ እነሱ ሰዓት ሲቀይሩ እኛ ስለማንቀይር። ቴሌግራም ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ ስልክ ሰዓት ስለሚያሳይ፣ ክርክር ከተነሳ አዲስ አበባ ያለው ስልክ ዳኛ ይሁን።

መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋው መዝጊያው ላይ ነው፣ ቢያንስ እንደዚያ ይመስላል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ 5 ደቂቃዎች ዋጋ ከተጨመረ ሌላ 5 ደቂቃ ይራዘም። የመዝጊያ ማስታወቂያውንም አስቀድማችሁ በቴሌግራም ሰዓት ሞልታችሁ አስቀምጡት፤ ስልኩ ቢጠፋም በሰዓቱ ይወጣል። የተስተካከለ ዋጋ ዋጋ አይደለም በሉ፤ ቴሌግራም «ኤዲትድ» ብሎ ያሳያል። ዋጋ ሰጥቶ መልሶ ያጠፋ (ዲሊት ያደረገ) ካለ አድሚኑ በግሩፑ «ሪሰንት አክሽንስ» ውስጥ ለ48 ሰዓት ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ስለማይገኝ ስክሪንሾት ይያዝ። «እስከ 3,000 ጨምርልኝ» ብሎ በውስጥ የሚልክ ይኖራል። አትቀበሉ፤ ሻጩ የገዢውን ጣሪያ ካወቀ ጨረታው ጨረታ አይደለም። የአክስት ልጅን ዋጋ አስጨምሪ ማለትም ያው ነው፤ ግሩፑ አንድ ቀን ነቅቶባችሁ ይበተናል።

አሸናፊው በ24 ሰዓት ውስጥ ካልከፈለ ለሁለተኛው ሰው እሱ ራሱ በሰጠው ዋጋ ይቅረብለት። ክፍያ ሲመጣ የሚታመነው የገዢው ስክሪንሾት ወይም የሚያሳየው መልእክት ሳይሆን የተቀባዩ ሂሳብ ተከፍቶ ሲታይ ነው፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ መሥራት ቀላል ሆኗል። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃው አይነሳ፣ ገዢው ቢቆጣም።

ገዢ ለአንድ ፓኮ ወረቀት ብሎ ለገጣፎ ድረስ አይመጣም፤ የማታውቁት ሰው ባዶ ቤት ድረስ ባይመጣም ደግ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የታወቀ ቦታ ላይ ርክክብ ይደረግ፦ ለለገጣፎና ለአያት በኩል መገናኛ፣ ለቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ለሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ለሰበታ አየር ጤና። ወረቀት ይከብዳል፤ ከ10 ኪሎ በላይ የሆነ ጭነት በታክሲ ሲገፋ ጠርዙ ይሰበራል። ሁለት ጠንካራ ካርቶን በላይና በታች ተደርጎ በፌስታል ይጠቅለል፤ ገመዱ ጠርዙን እንዳይበላ ከሥሩ ካርቶን ይግባበት።

ገና ውጭ ያለ ትርፍ ዕቃ ካላችሁ እዚያው ሽጡት። 23 ኪሎ ሻንጣ ባለ 12 ኢንች 200 ግራም ወረቀት ቢሞላ የሚይዘው የሻንጣው የራሱ ክብደት ሳይቆጠር 1,200 ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት ደግሞ ጉምሩክ ላይ የንግድ ዕቃ ተብሎ ይያዛል። ቦታ ካላችሁ ለዳይ ይሁን። በኢቤይ ስትሸጡ የገዢውን ከፍተኛ ዋጋ ሲስተሙ ራሱ በምስጢር ስለሚይዝ ከላይ ያለው ጭንቀት አይኖርም። ችግሩ መላኪያው ነው፤ ርካሹ የአሜሪካ ፖስታ ቤት አገልግሎት፣ ሚዲያ ሜይል፣ ለመጻሕፍትና ለመሰሎቻቸው እንጂ ላልተጻፈበት ወረቀት አይፈቀድም፤ ተከፍቶ ከተገኘ ልዩነቱን ገዢው ይጠየቃል፣ እናንተም መጥፎ አስተያየት ታገኛላችሁ።

ለገጣፎ ያለው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ካልተጫረተ ሦስተኛ አታውጡት፤ የደከመ ዕቃ ሲመላለስ የሌላውንም ዋጋ ያወርዳል። የተረፈው ቁርጥራጭና ድብልቅ ቀለም ተጠቅልሎ በአካባቢው ላለ ኬጂ ይሰጥ፤ ክፍሉም ከሰኔ ዝናብ በፊት ባዶ ይሁን።