ይሄ ሰንጢ ስንት አመቱ ነው? (ጥያቄና መልስ)

ሰሞኑን የድሮ ሰንጢ ፎቶ እየላካችሁ እድሜውን ንገረን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ አራቱን ዛሬ ልመልስ።

ከቃሊቲ፦ አባቴ በ1960 ገዛሁት የሚለው የስዊዝ ሰንጢ አለን፣ እጀታው ብርማ አልሙኒየም ነው ትንሽ መስቀል አለው፣ ስለቱ ስር ግን 67 ይላል። ተሳስቶ ነው ወይስ ሰንጢው ፎርጅድ ነው?

አባትሽ ልክ ናቸው፣ ሰንጢውም ኦሪጅናል ነው የሚመስለው። የስዊዝ ወታደር ሰንጢ ነው፣ ከ1961 ጀምሮ (በፈረንጅ ነው የማወራው) ለወታደሩ በሚሰራው ላይ የተሰራበት አመት የመጨረሻ ሁለት ቁጥር ስለቱ ስር ይመታበት ነበር፣ ስለዚ 67 ማለት 1967 ነው፣ እኛ ደግሞ መስከረም ጠብቶ 1960 ስንል እነሱ ገና 1967 ላይ ነበሩ። ስንቱ ሽማግሌ በዚች ሂሳብ ምክንያት ተሳሳቱ ይባላል መሰላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እዩ። አንቺ ደግሞ ከማን እንደገዙት፣ የት ይዘውት እንደዞሩ ጠይቂያቸውና ጻፊው፣ እሱ ብረቱ ላይ አይገኝም።

ከለገጣፎ፦ ምናለሽ ተራ የምኒልክ ዘመን ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ዌስት ጀርመኒ የሚል ጽሁፍ አለው።

የምኒልክስ አይደለም ወንድሜ። ምዕራብ ጀርመን የሚባል አገር የነበረው ከ1949 እስከ 1990 ነው፣ አጼ ምኒልክ ያረፉት በ1913፣ ስለዚ ሰንጢህ ከነዛ 41 አመታት ውስጥ የሆነ ጊዜ የተሰራ ነው። ዞሊንገን ካለው እሱ የከተማ ስም ነው፣ እዛ ስንት ፋብሪካ ስለነበረ ለብቻው እድሜ አይነግርህም፣ የፋብሪካውን ምልክት ፈልግ። ሮስትፍራይ፣ ኢኖክስ ወይ ስቴይንለስ ካለው ደግሞ የማይዝግ ብረት ነው ማለት ነው፣ ሃሪ ብሬርሊ ሼፊልድ ላይ ያን ብረት የሰራው በ1913 ስለሆነ ከዛ በፊት ነው የሚልህን አትመን። ቃሉ ስለሌለ ብቻ ግን አሮጌ ነው አትበል፣ የሚዝገው ዛሬም ይሰራል።

ከቡራዩ፦ አያቴ ከጣልያን ወታደር የማረኩት እየተባለ ያደግንበት ኦፒኔል የሚባል የፈረንሳይ ሰንጢ አለ፣ ክብ የእንጨት እጀታ፣ ስለቱን የሚቆልፍ ቀለበት አለው።

ይሄን መመለስ ከብዶኝ ነበር። ያ ቀለበት ኦፒኔል ላይ የመጣው በ1955 ነው፣ ጣልያን ተሸንፎ የወጣው በ1941፣ ስለዚ ይሄኛው ሰንጢ የዛ ጦርነት ሊሆን አይችልም። አያትህ አልማረኩም ማለት ግን አይደለም፣ የማረኩት ጠፍቶባቸው ይሄን ተክተው ይሆናል፣ እንደዛ ያለ ነገር በየቤቱ አለ፣ ታሪካቸውን በአንድ ቀለበት ምክንያት እንዳትጥለው። ስለቱ ላይ ያለውን ዘውድ የደፋ እጅ አይተህም አትፍረድ፣ ዛሬም ያው ምልክት ነው።

ከሱሉልታ፦ ዝጓል፣ በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው?

በፍጹም! እኔ የአጎቴን ሰንጢ ቢላ ለሚስል ሰው ሰጥቼ፣ አሳምሮ ስሎልኝ ስለቱ ስር የነበረውን ጽሁፍ ጠርጎ አጠፋው፣ የት እንደተሰራ ከዛ ወዲያ ማወቅ አልቻልኩም፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አርጊበትና አሳድሪው፣ ጠዋት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፣ መታጠፊያው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ በስቴኪኒ አውጪ። ጥቁር መሆኑ ራሱ ችግር የለውም። ከዛ ስልክሽን አምጪና መብራቱን ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሪበት፣ የጠፋ የሚመስል ፊደል በጥላው ይወጣል፣ ያኔ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።