የዴኩ ሰዓት ደበዘዘ፤ ይጠገናል ወይስ አበቃለት?

ጥያቄ፦ አባቴ ከ20 ዓመት በላይ ያቆየው ቪዲዮ ዴክ አለን። የሠርጋቸውን ካሴት የምናየው በሱ ነው። ማጫወቱን አሁንም አሪፍ አድርጎ ያጫውታል። ፊቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ሰዓት ግን ከዓመት ዓመት እየደበዘዘ መጥቶ አሁን ቀን ቀን ጭራሽ አይታይም። አንዱ ጠጋኝ «አብቅቶለታል፣ ጣለው» አለኝ። ሌላው ደግሞ «አምፖሉን እቀይርልሃለሁ» አለ። ማንን ልመን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዴኩን እንዳትጥለው። አምፖል እቀይራለሁ ያለህም ተሳስቷል። እዚያ ውስጥ የሚቀየር አምፖል የለም፤ የሚያበሩት ቁጥሮቹ ራሳቸው ናቸው።

ዕቃው ቫክዩም ፍሎረሰንት ዲስፕሌይ ይባላል፤ ሠራተኞቹ ባጭሩ ቪኤፍዲ ይሉታል። አየሩ ተመጥጦ የወጣለት ጠፍጣፋ የመስታወት ቤት ነው። ባለ ቁጥሩን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1967 ጃፓኖች ሠሩት፤ መጀመሪያ ለካልኩሌተር ነበር፣ ኋላ ቴፑም፣ ዴኩም፣ የመኪናው ሬዲዮም ወረሰው።

ማታ ክፍሉን አጨልመህ ዴኩን ሰካውና ወደ መስታወቱ ቀረብ ብለህ እይ። ከዳር እስከ ዳር የተወጠሩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ታያለህ። ፊላመንት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ተንግስተን ሆነው ላያቸው በባሪየም ኦክሳይድና በመሰሎቹ የተቀባ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው እስከ 600 ዲግሪ አካባቢ ይግላሉ፤ ያኔ ኤሌክትሮን ይለቃሉ። ቢበዛ በጣም ደብዛዛ ቀይ ሆነው ነው የሚታዩት፣ ደምቀው ከቀሉ ቮልቴጁ በዝቶባቸዋል ማለት ነው። ከክሮቹ ጀርባ እንደ ወንፊት ያለ ስስ መረብ አለ፤ ግሪድ ይባላል። ኤሌክትሮኑን ወይ ያሳልፈዋል ወይ ይመልሰዋል፣ በር ጠባቂ በለው። ያለፈው ኤሌክትሮን ከመረቡ ኋላ ያለውን የቁጥር ቅርጽ ይመታል። ቅርጹ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት የተቀባ ነው፤ ሲመታ ያን የምታውቀውን ሰማያዊ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። የድሮው ቴሌቪዥን ስክሪንም የሚያበራው በዚሁ መላ ነበር። ልዩነቱ የቴሌቪዥኑ ቱቦ ከ20,000 ቮልት በላይ ይፈልጋል፣ ያንተ ሰዓት ግን 30 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ሕመሙ። ቪኤፍዲ በሁለት መንገድ ይደበዝዛል፣ አንዱ ይድናል፣ አንዱ አይድንም። መለየት ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ ትችላለህ። ሰዓቱ ላይ ብቻ አትፍጠጥ። ካሴት ክተትበት፣ ቅዳ የሚለውን ተጫን፣ ታይመሩን ክፈት፣ ማለት ብዙ ጊዜ የማይበሩትን ምልክቶች እንዲያበራ አድርገው። እነሱ እንደ አዲስ ቦግ ብለው ቁጥሮቹ ብቻ ከደበዘዙ ዱቄቱ አልቋል። ዴክ ተሰክቶ ሲከርም ሰዓቱ ሌሊትም አይተኛም፤ በዓመት 8,760 ሰዓት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ 12:00 እያለ ብልጭ ድርግም የሚለውንም ቁጠርበት። ያለቀ ዱቄት አይመለስም። መስታወቱን ከፍቶ መቀባት አይታሰብም፣ አየር የገባበት ቪኤፍዲ የሞተ ነው። ጥግ ላይ ያለችው እንደ መስታወት የምታብረቀርቅ ብርማ ነጠብጣብ ነጭ ሆና ካየሃት አየር ገብቷል፣ በቃ፣ አትልፋ።

ሁሉም እኩል ከደበዘዘ ግን ተስፋ አለህ። ክሮቹ ደክመውም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ፓወር ሰፕላዩን ነው፣ ማለት ለዴኩ ኤሌክትሪክ የሚያዘጋጀውን ክፍል። እዚያ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች፣ በሙቀት ብዛት ውስጣቸው ይደርቃል፣ ለግሪዱና ለቁጥሩ የሚሄደው ቮልቴጅ ይወርዳል፣ ብርሃኑም አብሮ ይወርዳል። የአጎቴ ቴፕ ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር። ስንከፍተው አንዷ ትንሽ ካፓሲተር አናቷ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። በካውያ አንስተን በአዲስ ተካናት፣ ማታውኑ ሰዓቱ ከአልጋው ማዶ ይነበብ ጀመር። ስለዚህ ለጠጋኙ «ጣለው ከማለትህ በፊት የፊላመንቱንና የግሪዱን ቮልቴጅ ለካልኝ» በለው። በቴስተር የደቂቃ ሥራ ነው። ይህን ሳይለካ የሚፈርድ ጠጋኝ ጋ ዕቃህን አትተው።

የፊላመንቱን ቮልቴጅ ከፍ አድርጌ አድሰዋለሁ የሚልህ ካለ እሺ አትበለው። ለጊዜው ይደምቃል፣ ግን ቅቡ ቶሎ ያልቃል፣ ክሩም ሊበጠስ ይችላል። ዱቄቱ አልቆ ከሆነ የሚያዋጣው ካሴት ማንበብ ያቆመ ተመሳሳይ ሞዴል ፈልጎ ዲስፕሌዩን ማዛወር ነው። መስታወቱ ላይ የታተመው ቁጥር አንድ መሆኑን አረጋግጥ፤ መጠኑ ስለተመሳሰለ ብቻ አይገጥምም። ስትገዛም አብራልኝ በል፣ የሱም ሰዓት ለዓመታት ሲበራ የኖረ ነው። ምንም ካልተገኘ ደግሞ ሰዓቱ ሳይታይም ካሴቱ ይጫወታልና የወላጆችህን ሠርግ እያያችሁ ቀጥሉ። ግን ቶሎ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጠው፣ ካሴቱም እኮ ያረጃል።

ጥያቄ፦ የማይክሮዌቬ ቁጥር ተበላሽቷል። እሱም እንደ ዴክ አረንጓዴ ነው። 8 ስጫን 6 ይላል፣ 9 ስጫን 5። ማሞቁ ደህና ነው። ከፍቼ ላየው? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ በፍጹም እንዳትከፍቺው! ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ2,000 ቮልት በላይ ይይዛል፣ ከሶኬት ከነቀልሽው በኋላም ሊገድል ይችላል። ዴክና ማይክሮዌቭ በዚህ አይገናኙም።

ችግሩ ግን ከባድ አይመስለኝም። ከላይ በስተቀኝ ያለችው ሰረዝ ናት የጠፋችው። ያቺ ስትጠፋ 8 ስድስት ይመስላል፣ 9 ደግሞ አምስት። ቁጥሮቹ በየተራ እጅግ በፍጥነት ነው የሚበሩት፤ የሁሉም ቤት ተመሳሳይ ሰረዝ በአንድ ሽቦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በሁሉም ቤት ያቺው ሰረዝ ከጠፋች ብዙ ጊዜ አንድ ፒን፣ ማለት የዲስፕሌዩ እግር፣ ከቦርዱ ላይ ለቋል ማለት ነው፣ በካውያ ይያዛል። አንድ ቤት ብቻ ከሆነ ግን መስታወቱ ውስጥ ነው፣ እሱ አይነካም። አንድ ቤት ሙሉ በሙሉ ከጠፋ የግሪዱን ፒን ያዩልሽ። ለጠጋኙ 8:88 ደቂቃ ጽፈሽ አሳዪውና የትኞቹ ቤቶች 6 እንደሆኑ ራሱ ይቁጠር።