ጥያቄና መልስ፦ የሳይንስ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሳይንስ ማስተርስ ወይም ፒ.ኤች.ዲ. ለመጀመር ከተቃረቡ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ማስተርስ ልጀምር ሦስት ወር ቀርቶኛል። የድሮ መጻሕፍቴን ከዳር እስከ ዳር ልከልሳቸው አስቤያለሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም። የዓመታት ትምህርት በሦስት ወር ሲከለስ ቀላሎቹ የመጀመሪያ ምዕራፎች በደንብ ይነበባሉ፤ ከባዶቹ የመጨረሻ ምዕራፎች ጋ ሲደረስ ጊዜው ያልቃል። ድኅረ ምረቃ ላይ የሚፈለጉት ደግሞ እነዚያው ናቸው። ይልቅ የመጀመሪያውን ሴሚስተር የኮርስ ዝርዝር ከትምህርት ክፍሉ ይጠይቁና ለእያንዳንዱ ኮርስ ምን አስቀድሞ መታወቅ እንዳለበት ያውጡ። ያለፉት ዓመታት ፈተና ወይም መልመጃ ካገኙ፣ ደብተር ሳይገልጡ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው ይሥሩት። መሥራት ያቃተዎት ጥያቄ የክለሳ ዕቅድዎ ነው።

በፊዚክስና በፊዚካል ኬሚስትሪ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ሒሳቡ ላይ ነው፤ ሊኒየር አልጀብራ (በተለይ አይገንቫልዩና አይገንቬክተር)፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ ፓርሻል ዴሪቬቲቭ። በባዮሎጂ ደግሞ ስታትስቲክስና ሎጋሪዝም። ከአሥራ ሁለቱ ሳምንት አምስቱን ለሒሳብ፣ አራቱን ለፕሮግራሚንግ፣ የቀረውን ለጥናት ጽሑፍ ንባብ ቢመድቡ ጥሩ ነው። የተፈታ ምሳሌ ማንበብ የገባዎት ያስመስላል። መጽሐፉን ዘግተው ያንኑ ምሳሌ በባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው መሥራት ካልቻሉ ግን ገና አልገባዎትም።

ጥያቄ፦ አማካሪ ሊሆኑኝ ይችላሉ ላልኳቸው በርካታ ፕሮፌሰሮች ኢሜይል ጻፍኩ። አንዳቸውም አልመለሱልኝም። ምን አጥፍቼ ይሆን?

መልስ፦ ደብዳቤው ለሁሉም አንድ ዓይነት ከነበረ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። “የምርምር ሥራዎን አደንቃለሁ” የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም ሊላክ ስለሚችል ለማንም አይሆንም። ፕሮፌሰሩ ደብዳቤውን ሲከፍቱ የሚያዩት ሁለት ነገር ነው፤ ይህ ሰው ሥራዬን አንብቧል ወይ፣ የሚጠይቀኝስ ምንድን ነው?

ከ200 ቃል አይለፍ። በርዕሱ ላይ የሚጀምሩበትን ጊዜና የትምህርት ደረጃውን ይጻፉ። የመጀመሪያው አንቀጽ ማን እንደሆኑና ምን እንዳጠኑ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገር። ሁለተኛው አንድ የተወሰነ ጽሑፋቸውን ጠቅሶ አንድ ጥያቄ ያንሳ። ለምሳሌ፦ “ካታሊስቱ ከአምስተኛው ዑደት በኋላ ብቃቱ መውረዱን በሦስተኛው ሥዕል ላይ አይቻለሁ፤ የወረደው ገጽታው በቅሪት ስለተሸፈነ ነው ወይስ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ስለተለቁ?” ይህን የመሰለ ጥያቄ ጽሑፉን ሳያነቡ አይጻፍም፤ አንባቢውም ያውቀዋል። በሦስተኛው አንቀጽ በእጅዎ የሚሠሩትን (መሣሪያ፣ ሶፍትዌር፣ የመስክ ሥራ) ይግለጹና በአንድ ጥያቄ ይዝጉ፤ “በዚህ ዓመት አዲስ ተማሪ ይቀበላሉ?” አባሪው አንድ ፒ.ዲ.ኤፍ. ሲቪ ብቻ ይሁን። የዲግሪ፣ የትራንስክሪፕትና የምስክር ወረቀት ፎቶ ማጨቅ አይጠቅምም። ሁለት ሳምንት ጠብቀው በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ ጊዜ ያስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ይተዉት።

ተገናኝተው የመነጋገር ዕድል ሲያገኙ እርስዎም ይጠይቁ። ከተማሪዎችዎ ጋር በስንት ጊዜ ይገናኛሉ? ያለፉት ተማሪዎች በስንት ዓመት ጨረሱ? የኬሚካልና የመሣሪያ ወጪ ከየት ይሸፈናል? የመጀመሪያው ፕሮጀክት ካልሠራ ምን ይሆናል? በጽሑፍ ላይ የስም ቅደም ተከተል እንዴት ይወሰናል? ከዚያ አሁን ያሉትን ተማሪዎች ፕሮፌሰሩ በሌሉበት ያነጋግሩ። በእኛ አስተያየት ረቂቅ ምዕራፍ በሳምንት አንብቦ የሚመልስ ስሙ ያልገነነ አማካሪ፣ ለስድስት ወር ከሚያስቀምጥ ዝነኛ ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ፔፐር (የጥናት ጽሑፍ) አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል፤ ጨርሼም ምን እንዳለ መናገር አልችልም።

መልስ፦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በተራ እያነበቡ መሆን አለበት። ርዕሱን፣ አጭር መግለጫውን (አብስትራክቱን)፣ ከዚያ ሥዕሎቹንና ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ ብቻ በአሥር ደቂቃ ይዩ። ብዙው ጽሑፍ እዚህ ላይ ይቀራል፤ ይቅር። የሚጠቅምዎት ከሆነ የመግቢያውን የመጨረሻ አንቀጽ ያንብቡ፤ የጥናቱ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ ውጤቱን ያንብቡ። የአሠራር ክፍሉን የሚያነቡት ሥራውን ሊደግሙት ሲፈልጉ ወይም ውጤቱን ሲጠራጠሩ ነው።

ሥዕል ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው የናሙናው ብዛት ነው። ከአንድ ብልቃጥ ሦስት ጊዜ ተቀድቶ የተለካ ነገር ሦስት ናሙና አይባልም፤ አንድ ናሙና ሦስት ጊዜ ተለካ ማለት ነው። ሦስት ልኬት የሚያሳየው የመሣሪያውንና የእጅን መዋዠቅ እንጂ የናሙናዎቹን ልዩነት አይደለም። ሁለተኛው ከነጥቦቹ ላይና ታች የሚወጡት የስሕተት መስመሮች ምን እንደሚወክሉ ነው። አንዳንዱ ሥዕል ስታንዳርድ ዴቪዬሽንን (ናሙናዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ)፣ ሌላው ስታንዳርድ ኤረርን (አማካዩ ራሱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል) ያሳያል። ስታንዳርድ ኤረር የሚገኘው ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት ሲካፈል ነው። በ9 ናሙና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 6 ከሆነ ስታንዳርድ ኤረሩ 2 ነው። ያው ዳታ በአንዱ መስመር የተዝረከረከ፣ በሌላው የጠራ ይመስላል። የትኛው እንደሆነ ያልተጻፈበት ሥዕል ሲያጋጥምዎት በጥርጣሬ ይዩት።

ለመስኩ አዲስ ከሆኑ ከግምገማ ጽሑፍ (ሪቪው አርቲክል) ይጀምሩ። ያነበቡትን ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን እንደ ዞቴሮ ባለ የማጣቀሻ ሶፍትዌር ይመዝግቡ፤ ዞቴሮ በነጻ ይገኛል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ በራሱ የሚሞላውን አይመኑ። የጆርናል ስም፣ ዓመትና የደራሲ ስም አልፎ አልፎ ተሳስቶ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሲታይ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊገባ ሲል ግን ብዙ ቀን ይበላል። በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ሦስት ዓረፍተ ነገር በራስዎ ቃል ይጻፉ፤ ምን ጠየቁ፣ ምን አገኙ፣ የቱን አላመንኩም።

ጥያቄ፦ ዳታ ለመተንተን ኤክሴል ይበቃኛል ወይስ ፓይተን ልማር?

መልስ፦ ለመመዝገብ ኤክሴል ይበቃል፣ ለመተንተን ግን አይመከርም፤ ለዚያ እንደ ፓይተን ወይም አር ያለ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይሻላል። የኤክሴል ዋናው ጣጣ ሳይጠይቅ የሚያደርገው ለውጥ ነው። 007 ብለው የጻፉት የናሙና ቁጥር 7 ይሆናል። ሴፕት2 እና ማርች1 የሚባሉ የዘረመል ስሞች በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የወር ስም ስለሚመስሉ ኤክሴል ወደ ቀን ሲቀይራቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ የዘረመል ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ ይህ ስሕተት እንዳለባቸው አሳየ። በመጨረሻ የተሸነፉት ሳይንቲስቶቹ ናቸው፤ የሰውን ዘረመል ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ስሞቹን ሴፕቲን2 እና ማርችኤፍ1 ብሎ ቀየራቸው። የመስመር ገደብም አለ። አሮጌው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 መስመር፣ አዲሱ ከ1,048,576 በላይ አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16 ሺህ የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊ ሪፖርት የቀሩት አሮጌው ፋይል ሞልቶ የተረፈውን በዝምታ ስለጣለው ነው።

ሲመዘግቡ አንድ መስመር ለአንድ ምልከታ ይሁን። መለኪያው በዓምዱ ርዕስ ላይ ይጻፍ እንጂ በየቁጥሩ አጠገብ አይደገም። ያልተለካውን ባዶ ይተዉት፤ 0 ወይም 999 ብለው ከሞሉት አንድ ቀን አማካይ ውስጥ ይገባል። ትርጉም በቀለም አይስጡ፤ “ቢጫ የተቀባው የተበላሸ ናሙና ነው” የሚለውን ፕሮግራሙ አያነበውም፣ ስለዚህ ለሱ ዓምድ ይክፈቱለት። ከመሣሪያው የወጣው ጥሬ ፋይል እንዳይነካ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ትንተናው በቅጂው ላይ ይሠራ። የፋይል ስም በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ከጀመረ በራሱ በጊዜ ተራ ይደረደራል። “የመጨረሻ”፣ “የመጨረሻ አዲሱ” የሚባሉ ፋይሎች ግን መጨረሻ የላቸውም። ቅጂው ሦስት ይሁን፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጪ።

ፓይተን ወይስ አር ለሚለው፣ የሚገቡበት ቡድን የሚጠቀመውን ይማሩ። ሲጨንቅዎት አጠገብዎ ያለ ሰው የሚረዳዎት በዚያ ነው። ከመጀመርዎ በፊት አራት ነገር ከቻሉ ይበቃል፤ የሲ.ኤስ.ቪ. ፋይል (በኮማ የተለያየ የሠንጠረዥ ፋይል) መክፈት፣ በቡድን ከፍሎ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማውጣት፣ ሥዕል (ግራፍ) መሥራት፣ ሥዕሉን ማስቀመጥ።

ጥያቄ፦ ከተመረቅኩ አራት ዓመት አልፎኛል፤ በሥራዬ ላብራቶሪ (ላብ) ገብቼ አላውቅም። እጄ ሁሉን ረስቷል። ምን ልለማመድ?

መልስ፦ ሦስት ነገር፤ መበጥበጥ፣ መቅዳት፣ መጻፍ።

250 ሚሊ ሊትር የ0.5 ሞላር የሶዲየም ክሎራይድ ሶሉሽን ይሥሩ ቢባሉ ስሌቱ 0.5 × 0.250 × 58.44 (ሞላር × ሊትር × የአንድ ሞል ጨው ክብደት በግራም) ነው፤ 7.305 ግራም ይመጣል። ጨው በቢከር ይመዘናል፣ በ150 ሚሊ ሊትር ያህል የተጣራ ውሃ ይሟሟል፣ ወደ 250 ሚሊ ሊትር ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ (አንገቱ ላይ የመጠን ምልክት ያለው ብልቃጥ) ይገለበጣል። ቢከሩ በትንሽ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው እዚያው ይጨመራል። ከዚያ ውሃው እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ ዓይን ከምልክቱ ትክክል ሆኖ፣ የውሃው ጎድጓዳ ገጽ ታች ምልክቱን ሲነካ ይቆማል። ተከድኖ ደጋግሞ ይገለባበጣል። የተለመደው ስሕተት 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ለክቶ ጨው መጨመር ነው፤ የመጨረሻው መጠን 250 አይሆንም።

ሌላው ስሕተት የጠርሙሱን ጽሑፍ አለማንበብ ነው። ውሃ የሌለው ኮፐር ሰልፌት በሞል 159.6 ግራም፣ አምስት ሞለኪውል ውሃ የያዘው ሰማያዊው ደግሞ 249.7 ግራም ነው። በመጀመሪያው አስልተው ሁለተኛውን ከመዘኑ ሶሉሽንዎ ከታሰበው 36 በመቶ ያንሳል፣ ቀለሙ ግን አያሳብቅብዎትም። አሲድ ሲያቀጥኑ አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲድ አይጨመርም፤ በተለይ ከሰልፈሪክ አሲድ የሚወጣው ሙቀት ከላይ ያረፈውን ጥቂት ውሃ አፍልቶ አሲዱን ይረጨዋል።

ማይክሮፓይፔት (በጣም ትንሽ ፈሳሽ ለክቶ መቅጃ መሣሪያ) ሁለት ማቆሚያ አለው። ለመሳብ አውራ ጣት የሚወርደው እስከ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የቀረችውን ጠብታ ለማስወጣት ነው። ሲስቡ እስከ ሁለተኛው ከተጫኑ ከሚፈለገው በላይ ይገባል። ጣትዎን ቶሎ ከለቀቁ ደግሞ አየር ይገባል፣ ፈሳሹም ወደ ፓይፔቱ ሆድ ሊረጭ ይችላል። እጅዎን ለመፈተን ጥሩ ሚዛን ላይ 100 ማይክሮሊትር የተጣራ ውሃ አሥር ጊዜ ይቅዱና በየተራው ይመዝኑ። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንዱ 0.0998 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ሁሉም በአንድ ወገን ካነሱ ወይም ከበዙ ፓይፔቱን ይጠርጥሩ፣ ከተበታተኑ እጅዎን።

የላብ ደብተሩ የተጠረዘና ገጹ በቁጥር የተመለከተ ይሁን፤ በእስክሪብቶ ይጻፍ፣ ገጽ አይቀደድ። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ሥሩ መነበብ አለበት። የኬሚካሉን የምርት መለያ ቁጥር ጭምር ይመዝግቡ። ከወራት በኋላ ሙከራው በድንገት እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው አዲስ ጠርሙስ የተከፈተው መቼ ነው የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ ጥናቴ ሰዎችን በመጠይቅ ማነጋገርና የደም ናሙና መውሰድ አለበት። የሥነ ምግባር ፈቃድ መቼ ልጠይቅ?

መልስ፦ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ ወዲያው። ፈቃድ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰጥም፤ ከፈቃዱ ቀን በፊት የተሰበሰበ ዳታ ጥሩም ቢሆን ይጣላል። ማመልከቻዎችን ከሚያስመልሱት ነገሮች አንዱ የስምምነት ቅጹ ነው። ተሳታፊው በሚናገረው ቋንቋና በሚገባው ቃል ይጻፍ፤ በማንኛውም ጊዜ ያለ ምንም ቅጣት ማቋረጥ እንደሚችል፣ ደሙ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚወገድ ይግለጽ። ፈቃዱን የሚሰጠውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ የስብሰባ ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ከሆነ አንድ የጎደለ ፊርማ አንድ ወር ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ ምን ዓይነት ላፕቶፕ ልግዛ?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት የትምህርት ክፍሉን ይጠይቁ፤ አንዳንድ የመሣሪያ ሶፍትዌር በዊንዶውስ ብቻ ነው የሚሠራው። ከዚያ ውጪ 16 ጊጋባይት ራም እና 512 ጊጋባይት ኤስ.ኤስ.ዲ. ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ከባድ ስሌት ካለብዎት ውድ ላፕቶፕ አይግዙ፤ የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ መግቢያ ስም የሚሰጠው ማን እንደሆነ ያጠያይቁ፣ በተረፈው ገንዘብ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይግዙ።