ፊደል ከመሮ ሲወለድ

የፊደል ቅርጽ ሥራን ለያዛችሁ ወጣቶች፣

በእጅ የተጠረበ የሚመስል፣ ጫፉ ላይ ሰሪፍ (በመስመሩ ጫፍ የሚወጣ ትንሽ ቅጥያ) ያለው ሻካራ ፎንት ለመሥራት ስትደክሙ ሳይ ደስ ይለኛል። ለመጽሐፍ ርእስ፣ ለፖስተር፣ ለሱቅ ታፔላ እንዲህ ያለ ፊደል ያስፈልገናል። ብዙዎቻችሁ ግን ፊደሉን በኮምፒውተር አለስልሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ጠርዙን በአንድ ትእዛዝ ትቦጫጭቁታላችሁ። እንዲህ ሲሆን ይሻክራል እንጂ የተጠረበ አይመስልም። መሮ በዘፈቀደ አይሄድም። ቀጥ ያለውን መስመር በንጽሕና ይሄድበታል፤ ክቡን ግን በአንድ ጊዜ ማዞር ስለማይችል በአጫጭር ምቶች ይሰባብረዋል። ስለዚህ ሻካራው የሚበዛው መታጠፊያው ላይ ነው።

አልቤርቱስ የተባለውን የላቲን ፎንት አጉልታችሁ መርምሩት። ጀርመን የተወለደው ቤርቶልድ ቮልፔ የብረታ ብረት ሥራ የተማረ፣ በነሐስ ላይ ጽሑፍ የሚቀርጽ ሰው ነበር። የማተሚያ ፊደል የሚሠራው የሞኖታይፕ ኩባንያ ሰው ስታንሊ ሞሪሰን ሥራውን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1932 የማተሚያ ፊደል እንዲሠራለት ጠየቀው። ቮልፔ በነሐሱ ላይ ፊደሉን ራሱን አይቦረቡርም ነበር፤ ዙሪያውን እየቆረጠ ዝቅ ሲያደርገው ፊደሉ ከፍ ብሎ ይቀራል። መሣሪያው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚመጣ ጫፎቹ እንደ እሾህ አልሾሉም። እያንዳንዱ መስመር ጫፉ ጋ ሲደርስ በጥቂቱ ይሰፋና እዚያው ይቆረጣል፤ ሰሪፉ ይኸው ነው። ዛሬም በሲቲ ኦፍ ለንደን የመንገድ ስሞች በዚህ ፊደል ተጽፈው ታያላችሁ።

የቮልፔ መምህር ሩዶልፍ ኮክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1923 የወጣውን ኖይላንድ የተባለ ፊደል ንድፍ ሳያወጣ በቀጥታ ብረት ላይ ነው የቀረጸው። ሰሪፍ ባይኖረውም የእጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል፤ በአንድ መጠን የተቀረጸው ፊደል በሌላ መጠን ከተቀረጸው ጋር በትክክል አይገጥምምና። በእናንተ ፎንት "ላሊበላ" ብላችሁ ጻፉ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው "ላ" ላይ ያው ስንጥቅ በያው ቦታ ከታየ አንባቢው ማሽን መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ቢያንስ ብዙ ለሚደጋገሙት ፊደላት ሁለት ሦስት ተለዋጭ መልክ አዘጋጁ፤ አድካሚ ነው፣ ግን ይታያል።

በግእዝ ፊደል ላይ ከላቲኑ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ አለ። የ"ሌ" ቀለበት በሻካራነት ከተደፈነ "ሊ" ይሆናል፤ "ቤ"ም "ቢ" ሆኖ ይነበባል። ግንዱን እንደፈለጋችሁ አሻክሩት፣ የቀለበቱን ውስጥ ግን አስፉት፣ ንጹሕም አድርጉት። ይህን ፎንት ለጋዜጣ ዓምድ አትስጡት፤ ጥቂት ቃላት በትልቁ ሲጻፉበት ነው የሚያምረው።

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ የዋንዛ ቁራጭ ፈልጉና "ሀ"ን፣ "ለ"ን፣ "ሌ"ን በመሮ ቅረጹ። ከዚያ ፎንቱን ስትልኩልኝ የእንጨቱንም ፎቶግራፍ ጨምሩበት፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አይቼ እጽፍላችኋለሁ።