«ሰማዕትነት ከፈሉ» ወይስ «ተቀበሉ»?

ጥያቄ፦ ስለ አቡነ ጴጥሮስ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቼ «ለሃይማኖታቸውና ለአገራቸው ሰማዕትነት ከፈሉ» አልኩ። አንድ ወዳጄ «ሰማዕትነት ይቀበሉታል እንጂ አይከፈልም» ብሎ አረመኝ። ማናችን ነን ልክ? ደግሞስ ሲዛትበት ኖሮ በሕይወት የተረፈ ሰው ሰማዕት ይባላል?

መልስ፦ ወዳጅዎ ልክ ናቸው። እርስዎም ግን ስሕተቱን ከባዶ አላመጡትም። የሚከፈለው መሥዋዕትነት ነው። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ስለሚቀራረቡ አንዱ የሌላውን ግስ ይሻማል። የመጡበት ሥር ግን ለየቅል ነው። መሥዋዕት በንጉሡ «ሠ» ይጻፋል፣ «ሠዋ» ካለው የመጣ ነው። ሰማዕት ደግሞ በእሳቱ «ሰ»፣ «ሰማ» ካለው።

አዎ፣ ያው በጆሮ የምንሰማበት «ሰማ»። የሰማ ሰው ይመሰክራል። በግእዝ «ስምዕ» ምስክር፣ ምስክርነት ማለት ነው፤ «ስምዐ ጽድቅ» የእውነት ምስክር። የድሮ አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲል ሰሚውን ወዲያው ተናጋሪ ያደርገው የለ? ሰማዕትም እንደዚያ ነው። ቃሉ ከሥሩ የአፍ ቃል እንጂ የሞት ቃል አይደለም። ሞቱ የመጣው ምስክሩ ቃሉን አላጥፍም ስላለ ነው። የግሪኩ «ማርቲስ» መጀመሪያ ተራ ምስክር ነበር። ሙስሊም ወገኖቻችን የሚሉት «ሸሂድ»ም ከ«ሸሃዳ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ እሱም ምስክር ነው።

ስለዚህ ለአቡነ ጴጥሮስ ቃሉ ልክ ልካቸው ነው። ጣሊያኖች አርበኞቹን እንዲያወግዙና እንዲገዙላቸው ጠየቋቸው። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአደባባይ ተረሸኑ። ከመረሸናቸው በፊት ግን ሕዝቡ ለወራሪ እንዳይገዛ አውግዘዋል። ልብ ይበሉ፣ መጀመሪያ ተናገሩ፣ ከዚያ ሞቱ። በዚያ ሰዓት ዝም ቢሉ ኖሮ ጀግና ልንላቸው እንችል ይሆናል፤ የ«ሰማዕት» ፊደል ግን እንዲህ አይገጥማቸውም ነበር።

በልማድ ቃሉ ሰፍቷል። በየካቲት 12 የምናስባቸው የ1929ኙ ሰማዕታት አብዛኞቹ ካዱ ወይም ተገዙ ተብለው የተጠየቁ አይደሉም፤ በየመንገዱና በየቤታቸው የተጨፈጨፉ ናቸው። አንዳንድ የግእዝ ሰው ይህን አይወድም። እኔ ግን ሰው ከተግባባበት ቃል ጋር አልጣላም።

የተረፈውንስ? በሥሩ ከሄድን ሰማዕት ነው፤ መስክሯልና። ዛሬ በአማርኛ ግን እንዲያው «ሰማዕቱ» ቢሉት አንባቢ «መቼ ሞተ?» ብሎ ይደነግጣል። «ሕያው ሰማዕት» ቢሉ ይሻላል። እኔ ብሆን «ጸና» እላለሁ። ጥሩ ግስ ነው፤ ርሃብም ይጸናል፣ በሽታም ይጸናል፣ ሰውም ይጸናል። «ጨከነ»ም አለ፤ «ቆርጦ ጨከነ» እንደሚባለው። ግን ጨካኝነትን ያስታውሳልና በሃይማኖት ጽሑፍ ላይ ተጠንቅቀው ይጠቀሙበት።

ሳልረሳው፣ «ሰማዕት» በግእዝ ራሱ ብዙ ነው፤ ጸሐፊ ጸሐፍት እንደሚል፣ ሰማዒ ሰማዕት ይላል። «ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ» ስንል የሰማዕታት መጀመሪያ ማለታችን ነው። አማርኛ ለአንድ ሰው ስላዋለው «ሰማዕታት» የሚል ሌላ ብዙ አስፈለገው። እሱም ጸድቋል። «ሰማዕታቶች» የሚለውን ግን እባክዎ ይተዉት፣ ሦስት ጊዜ ማብዛት ነው።