ፊደሉ ድርብ፣ ጠርዙ ጎደሎ የሆነ ሳንቲም፦ የፋብሪካ ስህተት ወይስ ጉዳት?

ፎቶ ልከው የጠየቁት «ፊደሎቹ ድርብ ሆነው ይታያሉ፣ ከጠርዙም ትንሽ ጎድሏል፤ ስህተት ያለበት ሳንቲም ነው?» ብለው ነው። ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው፤ ምክንያታቸው አንድ አይደለም።

መጀመሪያ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያዘጋጁ። ከዚያ በላይ ካጎሉ ደህናው ሳንቲም ሁሉ ስህተት መምሰል ይጀምራል። መብራቱን በጎን አድርገው ሳንቲሙን በቀስታ ያዙሩት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ካዩት ጎድጓዳው ጎልቶ የወጣ ይመስላል። የሳንቲም ሰብሳቢ ቡድናችን ግማሹ ክርክር የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሳንቲም ሲታተም ያልታተመው ክብ ብረት በሁለት ዳዮች (ምስሉ ተገልብጦ በተቀረጸባቸው የብረት ማኅተሞች) መካከል ይጨመቃል፤ ብረቱም ዳዩ ላይ ወደተቀረጸው ጎድጓዳ ገብቶ ይሞላል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ዳይ ሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ መስመር ያወጣል። ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተጫረ ከሆነ ግን መስመሩ ወደ ውስጥ የጠለቀ ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይም የተገፋ ብረት ይታያል።

አሁን ወደ ድርቡ ፊደል። ዳዩ ራሱ ሲሠራ ምስሉ ተዛንፎ ሁለቴ ከተቀረጸበት፣ ከሱ የሚወጣው ሳንቲም ሁሉ ድርብ ይሆናል። በአውሮፓውያኑ 1955 ከታተሙት የአሜሪካ ባለ አንድ ሴንት ሳንቲሞች አንዳንዶቹ የታወቁት ምሳሌ ናቸው፤ ዓመቱና ጽሑፉ ያለ መነጽር ሁለት ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ሁለተኛ ፊደል እንደ መጀመሪያው ሙሉና ድቡልቡል ነው፤ የፊደሉ ጫፍ ላይ ለሁለት የሚከፍል ቦይ አለ፤ ፊደሉም ከወትሮው ወፈር ይላል። ሌላው ዓይነት የሚመጣው የላላ ዳይ በሕትመቱ መጨረሻ ሸርተት ብሎ ፊደሉን በጎን ሲገፋው ነው። ይሄኛው እንደ ደረጃ ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜም የሚያብለጨልጭ ነው። የዋናው ፊደል አናት ይቀጥናል፤ የተገፋው ብረት ከራሱ ከፊደሉ የተወሰደ ነውና። በየቦታው ስለሚገኝ ሰብሳቢዎች ከፍ ያለ ዋጋ አይሰጡትም። ፎቶዎ ላይ ያለው ይህን ይመስለኛል፤ ግን የፊደሉን ጫፍ በቅርብ ሳያዩ አይደምድሙ።

ጠርዙን በተመለከተ፣ ክብ ብረቶቹ ከጥቅል ዝርግ ብረት ሲቆረጡ ቆራጩ ቀድሞ የተበሳው ቦታ ላይ ከደረበ ጨረቃ መሰል ጉድለት ይተዋል። ማስረጃው ከጉድለቱ ፊት ለፊት ነው፦ በተቃራኒው በኩል ያለው ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ደብዝዞ ወይም ጠፍቶ ይገኛል። ጠርዙን የሚያነሳው ማሽን ክቡን ከሁለት ወገን ጨምቆ ስለሚሠራ፣ በአንዱ በኩል ብረት ከሌለ በሌላው በኩልም ጫና የለም። ጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎችም ሳሳ ብለው ይለጠጣሉ። በሞረድ የተበላ ከሆነ ግን ፊደሎቹ በድንገት ተቆርጠው ይቀራሉ፣ የሞረዱም ጭረት ይታያል።

0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ብዙ ይገላግላል። የአሜሪካው ባለ አንድ ሴንት ሳንቲም እስከ 1982 ድረስ 3.11 ግራም ነበር፤ በዚያው ዓመት መዳብ የተለበጠ ዚንክ ሆኖ ወደ 2.5 ወረደ፤ ስለዚህ በ1982 ሁለቱም አለ። በ1943 ይህ ሳንቲም የሚሠራው ከመዳብ ሳይሆን ከአረብ ብረት ነበርና፣ የዚያን ዓመት «መዳብ» አገኘሁ የሚል ሁሉ አስቀድሞ ማግኔት ያስጠጋ፤ ከሳበው መዳብ የተቀባ የአረብ ብረት ሳንቲም ነው። አሲድ የበላው ደግሞ ይቀጥናል፣ ክብደቱም ይቀንሳል፣ ፊደሎቹም አብረው ይሟሽሻሉ። በሌላ ሳንቲም ላይ ተደርቦ በሞርሳ የተጨመቀው ላይ ምስሉ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ሰምጦ ይገኛል። ሁለት «አንበሳ» ወይም ሁለት «ሰው» ያለበት ከሆነ ከጠርዙ ውስጠኛ ዳር ላይ የመገጣጠሚያ መስመር ይፈልጉ።

እባክዎ አይወልውሉት! ያልተነካ ሳንቲም በእጅ ሲያዞሩት ብርሃኑ አብሮ ይዞራል፤ የተወለወለው ግን ደርቆ ያበራል፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ጭረቶችም ይሞሉታል። ከ1 እስከ 70 በሚሄደው የደረጃ መለኪያ 60 እና ከዚያ በላይ (ገበያ ላይ ያልዋለ) የሚገባው እንኳ አንዴ ከታሸ ቁጥር ሳይሰጠው «የጸዳ» ተብሎ ይመለሳል። ከፕላስቲክ መያዣ የመጣ አረንጓዴ ሙጫ ካለበት ብቻ ንጹሕ አሴቶን ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ አይሹት፣ ከእሳት ያርቁ፣ መስኮት ይክፈቱ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል።

ክብደቱን፣ የሁለቱን ገጽ፣ የጠርዙንና ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ፎቶ እዚሁ ቢለጥፉልን በእርግጠኝነት መልስ መስጠት ይቻላል።